አንድ ቦዲ፣ ብዙ አርማ፦ አልፍሬድ ስሎንና የጄኔራል ሞተርስ የጋራ ዲዛይን

አንድን ተሽከርካሪ በሁለትና በሦስት የንግድ ስም መሸጥ በአውቶሞቢል ኢንዱስትሪ ውስጥ የተለመደ አሠራር ነው። መብራቱን፣ የውስጥ ማስጌጫውንና አርማውን ቀይሮ ሞተሩን፣ ሻንሲውንና የቦዲውን አጽም እንዳለ የሚያቆየው ይህ አሠራር ብዙ ጊዜ እንደ ሻጭ ብልሃት ብቻ ይታያል። የአልፍሬድ ስሎንን የሕይወት ታሪክ በዚህ ረገድ የመረመረ ግን ነገሩ ከሽያጭ ክፍል ይልቅ ከፋብሪካ የወጪ ስሌት እንደተነሣ፣ ኋላም ማንም ባልጠበቀው አቅጣጫ ዞሮ ኩባንያውን በሠራተኞች አድማ እንዳስያዘ ይረዳል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሎን በ1875 በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት፣ በኒው ሄቨን ከተማ ተወለደ። አባቱ ቡናና ሻይ በጅምላ ያስመጣ የነበረ ነጋዴ ነው። በ1895 ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመርቆ ኩሽኔታ ወደሚያመርት ሃያት ወደተባለ አነስተኛ ፋብሪካ ገባ። ፋብሪካው ሊዘጋ ሲቃረብ አባቱ ከሌላ ባለሀብት ጋር ሆነው ገንዘብ ስላዋጡ፣ ልጁ ገና በወጣትነቱ የሥራ መሪ ለመሆን በቃ። ይህ የኩሽኔታ ዘመን በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ከሚሰጠው ቦታ የላቀ ትኩረት ይገባዋል። የካዲላክ መሥራች ሄንሪ ሊላንድ የቀረበለትን ኩሽኔታ በማይክሮሜትር እየለካ ልዩነቱን ያሳየው በዚያን ጊዜ ነበር፤ ከሺህ ኩሽኔታዎች አንዱ ከሌላው ካልተመሳሰለ ብዙ ማምረቱ ትርጉም እንደሌለው ስሎን የተማረው ከዚህ ደንበኛው ነው። ሌላም ትምህርት ነበር። ትልቁ ደንበኛው ፎርድ ሲሆን ተቀናቃኙ ጄኔራል ሞተርስም ከዚያው ፋብሪካ ይገዛ ነበር። አንድ ዓይነት ዕቃ በሁለት ተፎካካሪ መኪኖች ውስጥ መግባቱ ለእርሱ ከመነሻው የሚያስደንቅ ነገር አልነበረም።

በ1916 ሃያት በ13.5 ሚሊዮን ዶላር ለዊልያም ዱራንት ተሸጠ። ስሎን ዱራንት መለዋወጫ አምራቾችን ያሰባሰበበትን አዲስ ኩባንያ እንዲመራ ተሾመ፤ ኩባንያው በ1918 ወደ ጄኔራል ሞተርስ ሲጠቃለልም አብሮ ገባ። ዱራንት ኩባንያ በመግዛት የተካነ፣ የገዛውን በማደራጀት ግን የደከመ ሰው ነበር። በ1920 በኪሳራ ከሥልጣን ወርዶ ፒየር ዱፖንት ሲተካው፣ ጄኔራል ሞተርስ የገዛ መኪኖቹ እርስ በርሳቸው ገበያ የሚሻሙበት ስብስብ ነበር። በመካከለኛው ዋጋ ላይ ሦስትና አራት ስሞች ሲጋፉ፣ በታችኛው ዋጋ ፎርድ ብቻውን ከገበያው ከግማሽ በላይ ይዞ ነበር። በ1921 ስሎን የተሳተፈበት ኮሚቴ ያቀረበው የዋጋ መሰላል ይህን መልክ ለማስያዝ ነበር፦ ከሸቭሮሌት እስከ ካዲላክ እያንዳንዱ ስም የራሱ የዋጋ እርከን እንዲኖረው፣ ከታችኛው እርከን ጫፍ ላይ የደረሰ ገዢም ጥቂት ጨምሮ ወደሚቀጥለው እንዲወጣ። ስሎን በ1923 ፕሬዚዳንት ሆነ።

መሰላሉ ግን በሸቭሮሌትና በኦልድስሞቢል መካከል ሰፊ ክፍተት ነበረው። ክፍተቱን በአዲስ መኪና መሙላት አዲስ ፋብሪካ፣ አዲስ ፎርማና አዲስ መለዋወጫ ይጠይቃል፤ ባዶ መተው ደግሞ ለተቀናቃኝ በር መክፈት ነው። በ1926 የወጣው ፖንቲያክ ለዚህ የተሰጠ መልስ ነበር። ባለ 6 ሲሊንደር ሞተሩ የራሱ ነው። ቦዲውና በርካታ የሻንሲ ዕቃዎቹ ግን የተወሰዱት ባለ 4 ሲሊንደር ከነበረው ከሸቭሮሌት ነው። በ825 ዶላር ለገበያ ቀርቦ በመጀመሪያው ዓመት ከ76 ሺህ በላይ ተሸጠ። ስሎን በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ፖንቲያክን በኩባንያው የምርት ቅንጅት ውስጥ የመጀመሪያው ትልቅ እርምጃ አድርጎ መቁጠሩ ተገቢ ነው። እስከዚያ ድረስ የየዲቪዥኑ መሐንዲስ የሌላውን ሥራ በጥርጣሬ የሚመለከት፣ ዕቃ መዋዋስን እንደ ሽንፈት የሚቆጥር ነበር።

ወቅቱ ለዚህ አሠራር አመቺ ነበር። በ1919 በአሜሪካ ከተሸጡት መኪኖች ጣሪያቸው የተዘጋ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ በ1927 ግን 85 በመቶ ደረሱ። የተዘጋ ቦዲ ብዙ ላሜራ ይፈልጋል፤ ላሜራውን ለመጭመቅ የሚሠራው ፎርማ ደግሞ እጅግ ውድ ነው፤ ዋጋውም 10 ሺህ ቦዲ ቢወጣበትም 100 ሺህ ቢወጣበትም ያው ነው። ስለዚህ አንዱን ፎርማ ለብዙ ስም ማዋል ግልጽ ትርፍ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ በ1926 የፊሸር ቦዲ ፋብሪካን ሙሉ በሙሉ መጠቅለሉ መንገዱን አሳጠረው። የቀረው ችግር የገዢው ዓይን ነበር። ስሎን የሆሊውድ ቦዲ ሠሪ የነበረውን ሃርሊ ኧርልን አምጥቶ በ1927 የቅርጽና የቀለም ክፍል አቋቋመ። ይህ ክፍል ብዙውን ጊዜ የመኪና ውበት ጥበብ መወለጃ ተደርጎ ይወደሳል፤ ከሥራዎቹ አንዱ ግን የማይታየው አካላቸው አንድ የሆነ መኪኖችን በሚታየው በኩል ማለያየት መሆኑ እምብዛም አይነሣም።

በፖንቲያክ አምሳያ ለካዲላክ ላሳል፣ ለኦልድስሞቢል ቫይኪንግ፣ ለቢዊክ ማርኬት የተባሉ ታናናሾች ተፈጠሩ። ቫይኪንግና ማርኬት በኢኮኖሚው ድቀት ብዙም ሳይቆዩ ተቋረጡ። ፖንቲያክ በአንጻሩ የወለደውን ኦክላንድን ከገበያ አስወጥቶ ቦታውን ያዘ። የአሜሪካ የመኪና ምርት በ1929 ከነበረበት ከ5 ሚሊዮን በላይ በ1932 ወደ 1.4 ሚሊዮን ገደማ ሲያሽቆለቁል መጋራቱ ከምርጫነት ወደ ግዴታ ተሸጋገረ፤ የአምስቱ ስሞች መኪኖች በጥቂት የጋራ ቦዲዎች ላይ እንዲሠሩ ተደረገ።

የዚህ ቁጠባ ሌላ ገጽ በሚቺጋን ግዛት በፍሊንት ከተማ ታየ። ዲሴምበር 30 ቀን 1936 የፊሸር ቁጥር 1 ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ከፋብሪካው አንወጣም አሉ። የሠራተኛ ማኅበሩ በከተማው የነበረው አባል ገና ጥቂት ነበር፤ መሪዎቹ ግን የት መቀመጥ እንዳለባቸው ያውቁ ነበር። የቢዊክን፣ የኦልድስሞቢልንና የፖንቲያክን ቦዲ የሚያወጡት ፎርማዎች የሚገኙት በዚያ ፋብሪካ ነው፤ የሸቭሮሌቶቹ ደግሞ በክሊቭላንድ፣ እርሱም በአድማ ቆሞ ነበር። አድማው የተነሣውም ኩባንያው ፎርማዎቹን ወደ ሌላ ቦታ ሊያጓጉዝ መሆኑ በመሰማቱ ነው። ስሎን አንዱ ዲቪዥን ቢቸገር ሌላው እንዲሸከመው አድርጎ ያደራጀው ኩባንያ በዚህ ነጥብ ላይ መለዋወጫ አልነበረውም። ፌብሩዋሪ 1 ቀን አድመኞቹ የሸቭሮሌት ሞተር የሚመረትበትን ፋብሪካ ጨምረው ያዙ፤ በዚያ ወር መጀመሪያ የኩባንያው ምርት ከጥቂት መቶ መኪኖች አልበለጠም። ስሎን ሕንፃዎቹ ካልተለቀቁ አልደራደርም ብሎ ከመንግሥት ጋር ሳይቀር ተጋጨ፤ በመጨረሻ ድርድሩን ለምክትሉ ለዊልያም ኑድሰን ተወ። ከ44 ቀን በኋላ ኩባንያው ማኅበሩን ለአባላቱ ተደራዳሪ አድርጎ ተቀበለ። ስሎን በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንትነቱን ለኑድሰን አስረክቦ የቦርድ ሊቀ መንበር ሆነ፤ በዚያ ቦታም እስከ 1956 ቆየ።

የስሎን ተሟጋቾች እርሱ ዕቃ አጋራ እንጂ መኪናን በስም ብቻ አልለየም፣ ያን ያበላሹት ተተኪዎቹ ናቸው ይላሉ። ክርክሩ በከፊል እውነት አለው፤ በ1926 የነበረው ገዢ ለፖንቲያክ ጨምሮ ሲከፍል 2 ተጨማሪ ሲሊንደር ያገኝ ነበር። ሆኖም በእርሱ ሊቀ መንበርነት ዘመን በካናዳ ኦሻዋ ከተማ የሸቭሮሌት ሻንሲና ሞተር የተሸከሙ ፖንቲያኮች ይመረቱ ነበር። የካናዳ ገበያ ጠባብ፣ ቀረጡም ከባድ ስለነበረ ውሳኔው ምክንያት አልነበረውም አይባልም፤ ነገር ግን መስመሩ የተጣሰው ከእርሱ ሞት በኋላ ነው ማለት አይቻልም።

ስሎን በጋዜጠኛው በጆን ማክዶናልድ እርዳታ ያዘጋጀው መጽሐፍ በኩባንያው የሕግ ክፍል ተቃውሞ ለዓመታት ታግዷል፤ ጠበቆቹ መንግሥት በፀረ ሞኖፖሊ ክስ እንዳይጠቀምበት ሰግተው ነበር። ማክዶናልድ ክስ ከመሠረተ በኋላ በ1964 ታተመ። ስሎን በ1966፣ በ90 ዓመቱ አረፈ። ልጅ አልነበረውም፤ አብዛኛው ሀብቱ በስሙ ለሚጠራው ፋውንዴሽንና ለካንሰር ምርምር ውሏል።

በ1977 ኦልድስሞቢል የገዙ ደንበኞች በኮፈኑ ሥር የሸቭሮሌት ሞተር አግኝተው ኩባንያውን ከሰሱ፤ ኩባንያውም ካሳ ከፍሎ ታረቀ። በ1981 ከአነስተኛው ሸቭሮሌት ካቫሊየር ጋር አንድ አካል የሚጋራው ሲማሮን በካዲላክ ስም ቀረበ። የስሎን መሰላል የታችኛውና የላይኛው እርከን በዚህ መኪና ላይ ተገናኙ። የኦልድስሞቢል ምርት በ2004፣ የፖንቲያክ በ2010 ሲቋረጥ፣ በ1926 ቦዲውን ያዋሰው ሸቭሮሌት ግን በምርት ላይ ነበር።