ቤቷን ደጋግማ የለቀቀችው እናታችን

 

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ብዙ ቤተሰብ ዕቃውን ጭኖ ወደማያውቀው ሰፈር ሄደ። በእግሩ ኑር መስጂድ (ቤኒን) ደርሶ ጁሙዓ ይሰግድ የነበረ ልጅ ዛሬ ታክሲ ይሰለፋል። በረመዷን ሳምቡሳ ይለዋወጡ የነበሩ ጎረቤቶች በየአቅጣጫው ተበትነዋል። አላህ ይህን ለምን ወሰነብን የሚል ጥያቄ ልብህን ከነካው፣ ልብሽን ከነካው፣ ዛሬ የእናታችንን የኡሙ ሰላማን (ረ.ዐ) ሕይወት አብረን እንይ።

ስሟ ሂንድ ቢንት አቢ ኡመያ ነው። የቁረይሽ ባለጸጋ ከሆነው ከበኑ መኽዙም ጎሳ ናት። አባቷ ለጋስ ስለነበር አብረውት የሚጓዙ ሰዎች ስንቅ አይዙም ነበር። እንዲህ ባለ ቤት ያደገች ልጅ አንድ ቀን ስደተኛ እሆናለሁ ብላ አታስብም።

ግን ሆነች። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በተላኩ በ5ኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ፣ ከባለቤቷ ከአቡ ሰላማ ጋር ባሕር ተሻግራ ወደኛ አገር፣ ወደ ሐበሻ መጣች። ቋንቋው ሌላ፣ ሰዉ ሌላ። ነገር ግን በነጃሺ ጥላ ሥር በሰላም አላህን ተገዛች። ጃዕፈር በንጉሡ ፊት የተናገረውንና የነጃሺን ፍትሕ ዛሬ በዝርዝር የምናውቀው በዋነኛነት እሷ ስላስተላለፈችው ነው። ተሰዳ የመጣችበት አገር የታሪክ ምስክር አደረጋት። ያኔ ግን ይህን አላወቀችም።

ወደ መካ ከተመለሱ በኋላ ደግሞ ሌላ ጉዞ መጣ፤ ወደ መዲና። ይህኛው ከሁሉም ከበደ። ልትነሳ ስትል የራሷ ጎሳዎች ከግመሉ ላይ ወስደው ያዟት። የባለቤቷ ጎሳዎች ደግሞ ልጃችንን አንሰጥም ብለው ትንሹን ሰላማን ሲጓተቱ እጁ ወለቀ። ባል መዲና፣ ልጅ በሌላ ጎሳ እጅ፣ እሷ መካ። በአንድ ቀን ቤተሰቡ ሦስት ቦታ ተከፈለ።

አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በየማለዳው አብጠሕ ወደሚባለው ሜዳ ወጥታ እስኪመሽ ታለቅስ ነበር። እህቴ፣ ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ቆም እንበል። ይህቺ የምእመናን እናት የሆነችው ሴት ናት። ማልቀሷ ተወኩሏን አላፈረሰውም። አላህን ማመን ማለት አለማዘን ማለት አይደለም።

በመጨረሻ አንድ የአጎቷ ልጅ አዘነላትና ተማልዶ አስለቀቃት። ልጇም ተመለሰላት። በሩ ሲከፈት ሸኚ እስኪገኝ አልጠበቀችም፤ ልጇን ታቅፋ በግመል ብቻዋን ወጣች። ተንዒም ስትደርስ ዑስማን ኢብኑ ጦልሓ አገኛት። ያኔ ገና አልሰለመም ነበር። ሆኖም የግመሏን ልጓም ይዞ፣ ባረፉ ቁጥር ራቅ ብሎ ዛፍ ሥር እየተኛ፣ በፍጹም ክብር እስከ ቁባእ አደረሳት። አላህ እርዳታውን ባልጠበቀችው ሰው እጅ ላከላት።

መዲና ግን የፈተናው ማብቂያ አልነበረም። አቡ ሰላማ ኡሑድ ላይ በቆሰለው ቁስል ምክንያት በ4ኛው ዓመተ ሂጅራ ሞተ። በሙሲባ ጊዜ የሚባለውን፣ አላህ በመከራው እንዲመነዳና የተሻለ እንዲተካ የሚለምነውን ዱዓ አደረገች። ልቧ ግን ከአቡ ሰላማ የሚሻል ማን ይኖራል ብሎ ይጠይቅ ነበር። ከዚያ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አገቧት። በሑደይቢያ ቀን ሶሓባዎች በሐዘን ተውጠው መሥዋዕታቸውን ለማረድ ሲዘገዩ፣ እርሳቸው ቀድመው እንዲያርዱና ፀጉራቸውን እንዲላጩ የመከረችው እሷ ናት። ሲያደርጉት ሁሉም ተከተላቸው።

ተተኪው ከአእምሮዋ ግምት ውጭ ነበር። እኛም የተሻለ ስንል ሰፊ ሳሎን ወይም የድሮውን ሰፈር ብቻ እናስባለን። የአላህ ምርጫ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱም በአኺራ ይጠብቀናል።

ስለዚህ ለፒያሳ ማዘን ካሻህ እዘን። ከዚያ በአዲሱ ሰፈር የሚቀርብህን መስጂድ ፈልግ። የጎረቤትን በር አንኳኪ። ከልጅነት ጎረቤቶቿ የተለየችውን እናትህን ብቻዋን አትተዋት። በጁሙዓ ቀን ዱዓ ተቀባይነት የሚያገኝባት ሰዓት አለችና የኡሙ ሰላማን ዱዓ አንርሳ።

አላህ የተበተነውን ይሰብስብልን፣ የገባንበትን ቤት በረካ ያድርግልን። አሚን። በነብያችን ላይ ሰለዋት እናብዛ።