ሺህ ፊት የነበረው ሰው

  በዚህ ዕትም የታዋቂ ሰዎች ታሪክ የሚለው ዓምድ የደረሰው ለእኔ ነው። ከእኔ በፊት የነበሩት ጸሐፊዎች ስለ ሯጮች፣ ስለ ነገሥታትና ስለ ሳይንቲስቶች ጽፈውልናል። እኔ ደሞ አንድ የፊልም ተዋናይ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። አሜሪካዊ ነው። ከሞተ ከዘጠና ዓመት በላይ ሆኖታል። ስሙ ሎን ቻኒ ይባላል። ከእናንተ ውስጥ ስሙን የሰማ ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔም እስከ ባለፈው ወር ድረስ አላውቀውም ነበር። ለምን እሱን እንደመረጥኩ ወደ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። ዓመቶቹን የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ሲሆን እጠቅሳለሁ።

ሎን ቻኒ የተወለደው ኤፕሪል 1 ቀን 1883 ነው። በእኛ 1875 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ያኔ የኢትዮጵያ ንጉሥ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ነበሩ። የተወለደባት ከተማ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ትባላለች። ሙሉ ስሙ ሊዮኒዳስ ፍራንክ ቻኒ ነው። አባቱ ፍራንክ ፀጉር አስተካካይ ነበር። እናቱ ኤማ ትባላለች። አባቱም እናቱም መስማት የተሳናቸው ነበሩ። የእናቱ አባት ደግሞ በ1874 በኮሎራዶ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት የመሠረቱ ሰው ናቸው። ሎን ራሱ ግን በደንብ ይሰማ ነበር።

ስለዚህ እነሱ ቤት ውስጥ ወሬ የሚወራው በእጅ ነው። እኛ ጋምቤላ ውስጥ ገና ሕፃን ሆነን ሁለትና ሦስት ቋንቋ እንለምድ የለ? አንዱ ኑዌርኛ፣ አንዱ አኝዋክኛ፣ አንዱ አማርኛ ያወራል፣ ሰፈር ውስጥ ስንጫወት ሁሉም ይቀላቀላል። ሎንም እንደዚያው ነው ያደገው። ውጪ በእንግሊዝኛ ያወራል፤ ቤት ሲገባ በእጁና በፊቱ ያወራል።

አራተኛ ክፍል ሲደርስ እናቱ ታመመች። የመገጣጠሚያ በሽታ ይዟት ከአልጋ መነሳት አቃታት። ሎን ትምህርቱን አቋርጦ እሷን ማስታመም ጀመረ። አራተኛ ክፍል እኮ ነው! እናቱ አትሰማም፣ መውጣትም አትችልም። ታዲያ ሎን ከተማ ይወጣና ሰዉን ሲያይ ይውላል። ከዚያ ተመልሶ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ ያየውን ሁሉ በእጁ፣ በፊቱና በአካሄዱ ያሳያታል። አዛውንት ያየ እንደሆነ አዛውንት ይሆናል፤ የተናደደ ሰው ያየ እንደሆነ የተናደደ ሰው ይሆናል። እንዲህ ሲያደርግ ዓመታት አለፉ። ትወና የተማረው ከሌላ ከማንም አይደለም፤ እናቱን ዜና ሲነግራት ነው የተማረው።

ትንሽ ከፍ ሲል ሥራ ፈለገ። ፓይክስ ፒክ የሚባል ተራራ ላይ እንግዶችን እየመራ ያወጣ ነበር። ተራራው ከ4,300 ሜትር በላይ ነው፤ ከእኛው ራስ ዳሸን ጥቂት ነው የሚያንሰው። ቀጥሎ ታላቅ ወንድሙ ጆን በሚሠራበት ቴአትር ቤት ገብቶ ከመጋረጃ በስተጀርባ ዕቃ ማዘጋጀት ጀመረ። በ1902፣ በ19 ዓመቱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ከከተማ ከተማ ከሚዞሩ የቴአትር ቡድኖች ጋር ብዙ ዓመት ዞረ። ይዘፍናል፣ ይጨፍራል፣ ያስቃል፣ መድረኩንም ያዘጋጃል። በዚህ መሀል አግብቶ በ1906 ክራይተን የሚባል ልጅ ወለደ። ትዳሩ ግን አልሰመረም፣ ፈረሰ። ሎንም ቴአትሩን ትቶ ወደ ፊልም ሥራ ገባ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። በዚያን ጊዜ ፊልም ድምፅ አልነበረውም። ተዋናዩ አፉን ሲያንቀሳቅስ ይታያል እንጂ አይሰማም። በየመሀሉ ጥቂት ጽሑፍ ይመጣል፣ ወዲያው ይጠፋል። ስለዚህ ተዋናዩ ደስታውንም ሐዘኑንም በፊቱና በሰውነቱ መናገር አለበት። ለሌሎቹ ይሄ ከባድ ነው። ለሎን ግን ሕፃን ሆኖ ቤቱ ሲናገረው ያደገው ቋንቋ ነው።

ፊልም ቤት ሲገባ ማንም አያውቀውም ነበር። ቀለም፣ ጥጥ፣ ሙጫና ሰው ሠራሽ ፀጉር የያዘች ሳጥን ነበረችው። ዛሬ ሽማግሌ ተፈለገ ሲባል ሽማግሌ ይሆናል፤ ነገ ሽፍታ ተፈለገ ሲባል ሽፍታ ይሆናል። የሚያስውበው ባለሙያ አልነበረም፣ ፊቱን ራሱ ነው የሚሠራው። በዚህ ዓይነት በጥቂት ዓመት ውስጥ ብዙ ፊልም ላይ ሠራ። ሆኖም ደመወዝ እንዲጨመርለት ሲጠይቅ እንቢ አሉት። እሱም ተቀይሞ አልተቀመጠም፣ በ1918 ለቅቆ ወጣ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1919፣ የተአምር ሰው የሚል ፊልም ላይ ተጫወተ። አካሉ የተጣመመ መስሎ ሰው የሚያታልል ሌባ ሆኖ ነው የሠራው። በዚህ ፊልም ስሙ አገር ምድሩን አዳረሰ። በ1920 ደግሞ ቅጣቱ በተባለው ፊልም ላይ ሁለት እግር የሌለው ሰው ሆነ። እንዴት መሰላችሁ? እግሮቹን ከጉልበቱ አጥፎ ወደ ኋላ በቀበቶ አሰራቸው፤ ከዚያ በጉልበቱና በምርኩዝ ሄደ። ደሙ መዘዋወር ስለሚያቅተው ቶሎ ቶሎ መፍታት ነበረባቸው። እኔ ቤት ውስጥ ሞክሬው ነበር፤ አሥር እንኳን ሳልቆጥር ወደቅኩ።

ከሁሉ በላይ የታወቀበት ፊልም የኖትርዳሙ ጎባጣ ነው። የወጣው በ1923 ነው። ታሪኩን የጻፈው ቪክቶር ሁጎ የሚባል ፈረንሳዊ ደራሲ ነው። ካዚሞዶ የሚባል ሰው ፓሪስ ውስጥ ኖትርዳም በተባለች ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ደወል ይደውላል። ጀርባው ጎባጣ ነው፣ አንድ ዓይኑ የተሸፈነ ነው፣ ጆሮው ደግሞ ከደወሉ ጩኸት የተነሳ ደንቁሯል። ሕዝቡ ይስቅበታል፣ ይገርፈዋል። አንዲት ኤስሜራልዳ የምትባል ልጅ ብቻ ውኃ ታጠጣዋለች። እሱም ውለታዋን አይረሳም። ሎን ጀርባው ላይ ጉብታ ሠርቶ፣ ፊቱን በጥጥና በሙጫ ለውጦ ነው የተጫወተው። ግን ለእኔ ትልቁ ነገር ጉብታው አይደለም። ያ ሰው እንደማይሰማ ሎን ዓይኑን በማየት ብቻ እንድናውቅ ያደርገናል። የማይሰማ ሰው ሌላውን ሰው እንዴት አትኩሮ እንደሚያይ ሎን ከእናቱና ከአባቱ ያውቀዋል።

በ1925 የኦፔራው ሙት መንፈስ የሚል ፊልም ሠራ። ፊቱ እንደ ራስ ቅል የሆነ ሰው በጭምብል ተሸፍኖ ቴአትር ቤት ሥር ይኖራል። ፊልሙ እስኪታይ ድረስ ያንን ፊት ማስታወቂያ ላይ እንኳን አላወጡትም። ልጅቷ ጭምብሉን ስትገፈው ያዩ ሰዎች ጮኸዋል ይባላል። በዚያው ዓመት ሌላ ፊልም ላይ አሮጊት መስሎ በቀቀን የሚሸጥ አጭበርባሪ ሆነ። በ1924 የሰርከስ ቀልደኛ ነበር። በ1926 ደግሞ ምንም ሳይቀባ፣ በራሱ ፊት፣ የባህር ኃይል ወታደሮች ቁጡ አለቃ ሆኖ ሠራ፤ ወታደሮቹ በጣም ስለወደዱት የክብር አባላቸው አደረጉት። በዚህ ሁሉ መለዋወጥ የተነሳ ሺህ ፊት ያለው ሰው ተባለ። በዚያን ጊዜ ሰዎች ሸረሪት እንኳን ሲያዩ እንዳትረግጧት፣ ሎን ቻኒ ልትሆን ትችላለች እያሉ ይቀልዱ ነበር። ስለ ፊት አሠራር ሙያው ብሪታኒካ በሚባለው ትልቅ መዝገበ ዕውቀት ላይ እንዲጽፍ ተደርጓል። አራተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ ልጅ መሆኑን አትርሱ።

ከሥራ ውጪ ግን ዝናን አይወድም ነበር። ጊዜ ሲያገኝ ወደ ተራራ ሄዶ እንደ እኛ ሰፈር ልጆች ዓሣ ያጠምዳል።

በ1927 ድምፅ ያለው ፊልም መጣ። ድምፃቸው ስላላማረ ብዙ ተዋናዮች ሥራ አጡ። ሎንም ሲያቅማማ ቆየና በ1930 የመጀመሪያውን ባለ ድምፅ ፊልም ሠራ። ያንኑ አሮጊት የሚሆንበትን ታሪክ ነው እንደገና የሠራው። በዚህ ፊልም በአምስት ዓይነት ድምፅ ተናገረ፤ የአሮጊት፣ የልጃገረድ፣ የአሻንጉሊት፣ የበቀቀንና የራሱ። አምስቱም የእሱ መሆናቸውን በመሐላ ወረቀት ላይ ፈረመ። የኛው ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርክ አንድ ሰው ሆኖ ፊታውራሪ መሸሻንም ጉዱ ካሳንም ሰብለ ወንጌልንም ይሆን የለ? ልክ እንደሱ ማለት ነው።

ግን ያ ድምፅ ብዙ አልቆየም። ሎን ታሞ ነበር። ካንሰር ነበረበት፣ ጉሮሮውም ይደማ ነበር። በመጨረሻዎቹ ቀኖች መናገር አቃተው። ያኔ ምን አደረገ? በእጁ ማውራት ጀመረ። በሕፃንነቱ እናቱ አልጋ አጠገብ ቆሞ ያወራበት ቋንቋ፣ እሱ አልጋ ላይ ሲሆን መጣለት። ኦገስት 26 ቀን 1930 በ47 ዓመቱ ሞተ። ባለ ድምፅ ፊልሙ ያ አንድ ብቻ ነው። በእኛ ነሐሴ 20 ቀን 1922 ዓ.ም. ነበር፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሊጭኑ ሁለት ወር ያህል ሲቀራቸው ማለት ነው። በዚያ ዘመን ወደ እኛ ጋምቤላ ከካርቱም በባሮ ወንዝ መርከብ ይመጣ ነበር። ልጁ ክራይተንም በኋላ የአባቱን ስም ይዞ የታወቀ ተዋናይ ሆኗል። ሎን ከ150 በላይ ፊልም ሠርቷል፤ ብዙዎቹ ግን ተቃጥለው ወይም ተበላሽተው ዛሬ የሉም።

አሁን ለምን እንደመረጥኩት ልንገራችሁ። ታናሽ ወንድሜ ስምንት ዓመቱ ነው፣ አይሰማም። ትምህርት ቤት አልገባም። ቤት ውስጥ ከእሱ ጋር በደንብ የማወራው እኔ ነኝ። እናትና አባታችን ትንሽ ትንሽ ይችላሉ። ምልክቶቹን ራሳችን ነው የፈጠርናቸው። ግን አንድ የማፍርበትን ነገር ልናገር። መንገድ ላይ ከእሱ ጋር ስሄድ ልጆች እንዳይስቁብን እጁን ጥብቅ አድርጌ እይዘው ነበር። ሰው ሲያየን እንዳይጠፋብኝ የያዝኩት ይመስለዋል። እኔ ግን እንዳያወራ ነው የያዝኩት። የእሱን እጅ መያዝ የሌላውን አፍ እንደ መያዝ መሆኑን አላሰብኩም ነበር።

ባለፈው ወር የልዩ ፍላጎት መምህራችን የኖትርዳሙን ጎባጣ በፍላሽ አምጥተው በክበባችን ክፍል በላፕቶፕ አሳዩን። እማዬ ገበያ ስለሄደች ወንድሜን ይዤው መጥቼ ነበር። ላፕቶፑ ድምፁ አይሠራም፣ ግን ምንም አላጎደለብንም። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ግን አንብበን ሳንጨርስ ያልፍብናል፤ ታሪኩ ጠፋን። ወንድሜ አንድም ፊደል አያውቅም፣ እሱ ግን አልጠፋውም። ካዚሞዶ ሲገረፍ አለቀሰ። ውኃ ሲጠጣ ክንዴን ነካ ነካ አድርጎ ልጅቷ ደግ መሆኗን በእጁ ነገረኝ። ልጅቷን ከሞት ሊያድናት ከላይ በገመድ ሲወርድ፣ ሌሎቻችን ምን እየሆነ እንደሆነ ሳይገባን፣ እሱ ብድግ ብሎ አሳየን። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ስክሪኑን ትተው እሱን ማየት ጀመሩ። ባልገባቸው ቁጥር በጥቅሻ ይጠይቁታል፣ እሱ በእጁ ያስረዳል፣ እኔ በአማርኛ እናገራለሁ። ከነዚህ ልጆች መሀል ድዳ እያሉ ይጠሩት የነበሩም አሉ።

ስለ ሎን ቻኒ አንድ ቅር ያለኝ ነገር አለ። ብዙ ፊልሞቹ ላይ አካል ጉዳተኛው ወይ ሌባ ነው፣ ወይ የሚያስፈራ ነው። በእውነት እንደዚያ አይደለም፤ ወንድሜ የሚያስፈራው ዶሮ ብቻ ነው። ቢሆንም ሎን እነዚያን ሰዎች ሲጫወት ተመልካቹ እንዲያዝንላቸውና እንዲወዳቸው አድርጓል። ይሄንን የቻለው ደሞ እናቱ ጋ ሲያወራ እጁን የያዘው ሰው ስላልነበረ ይመስለኛል።

ያንን ቀን ማታ ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። መምህራችንም ቤታችን ድረስ መጥተው አነጋገሯት። ወንድሜ በመስከረም አንደኛ ክፍል ይመዘገባል፤ እኛም ትክክለኛውን የምልክት ቋንቋ ከመምህራችን መማር ጀምረናል። እስካሁን የቻልኩት ሰላምታ፣ አመሰግናለሁ፣ ውኃ እና ጓደኛ የሚሉትን ነው። መማር የሚፈልግ ካለ በዕረፍት ሰዓት ማንጎው ዛፍ ሥር አለሁ። ወንድሜም በመስከረም ሲመጣ እጁን ሲያወዛውዝ ካያችሁት እየተጫወተ እንዳይመስላችሁ፤ እያወራችሁ ነው። እኔም መንገድ ላይ እጁን መያዝ ትቻለሁ፤ ሁለታችንም እያወራን ነው የምንሄደው።

በሚቀጥለው ዕትም በሌላ ታሪክ እስክንገናኝ፣ ቸር ይግጠመን።