ለልጁ የጻፈው ዘፈን አንደኛ ሲወጣ እሱ በሕይወት አልነበረም

አሜሪካዊው ጂም ክሮቺ በዘፈን እንጀራ እስኪበላ ድረስ ግንባታ ላይ ሠርቷል፣ የጭነት መኪናም ነድቷል።

እ.ኤ.አ. በ1970 መጨረሻ ባለቤቱ ኢንግሪድ ማርገዟን ስትነግረው «ታይም ኢን ኤ ቦትል»ን ጻፈ። «ጊዜ በጠርሙስ» እንደማለት ነው። ዘፈኑ በ1972 አልበሙ ላይ ቢገባም ያኔ ለብቻው አልተለቀቀም።

ሴፕቴምበር 20፣ 1973 ሉዊዚያና ውስጥ ኮንሰርት ጨርሶ የተሳፈረባት ትንሽ አውሮፕላን ስትነሳ ከዛፍ ጋር ተጋጨች። ውስጧ የነበሩት 6 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። ጂም ገና 30 ዓመቱ ነበር፤ ልጁ ደግሞ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም።

ከዚያ በኋላ ዘፈኑ ለብቻው ወጣ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ቢልቦርድ ላይ 1ኛ ሆነ።

ልጁ ኤ.ጄ. አድጎ እሱም ሙዚቀኛ ሆነ፤ የአባቱን ዘፈኖች መድረክ ላይ ይጫወታል። ይሄን ዘፈን ዩቲዩብ ላይ ፈልጋችሁ ስሙት፣ ሁለት ደቂቃ ተኩል እንኳን አይሞላም።