ኢብን ሲና እና ቁስል የሌለው ሕመም



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ እግራቸውን እያቃጠለ፣ እንደ መርፌ እየወጋ እንቅልፍ የሚነሳቸው፣ ግን የሚያሳዩት ቁስል የሌላቸው አባቶችና እናቶች በመካከላችን አሉ። ቁስል ስለሌለ ሕመሙ ውሸት አይደለም። ይህን ቀድመው ከተረዱት አንዱ ኢብን ሲና ነው።

እ.ኤ.አ. በ980 ቡኻራ አጠገብ በአፍሸና መንደር ተወለደ። በ10 ዓመቱ ቁርኣንን ጠንቅቆ አወቀ፤ በ16 ዓመቱ በሽተኞችን ያይ ነበር። የቡኻራውን ገዥ ኑሕ ኢብን መንሱርን በማከም ስለተሳተፈ የቤተ መንግሥቱ ቤተ መጻሕፍት ተከፈተለት። ኋላም ሲሰደድ፣ ሲሾምም ሆነ ሲታሰር መጻፉን አልተወም። ባለ 5 መጽሐፉን አል-ቃኑን ፊ ጢብን በ1025 ገደማ ፈጸመ።

ግሪካዊው ጋሌን ሕመም የሚመጣው አካል ሲቆረጥ ወይም ሲለያይ ነው ብሎ አስተምሮ ነበር። ኢብን ሲና ግን የአካሉ ጠባይ በድንገት ሲለወጥም ሕመም እንደሚመጣ ጻፈ። የሚወጋ፣ የሚያደነዝዝ፣ የሚከብድ፣ የሚያሳክክ እያለ 15 ዓይነት ሕመም ዘረዘረ። ዛሬም ሐኪም የነርቭ ሕመምን የሚለየው ሕመሙ ምን ዓይነት እንደሆነ በመጠየቅ ጀምሮ ነው።

ኦፒየም ሕመምን እንደሚያደነዝዝ ያውቅ ነበር፤ ማደንዘዝ ግን ምክንያቱን እንደማያስወግድ አስጠንቅቋል። ቀስ ብሎ መራመድንና ልብን በሌላ ነገር መጥመድንም ከማስታገሻዎች ቆጥሯል።

የራሱ መጨረሻ ያሳዝናል። ብርቱ የሆድ ቁርጠት ያዘው፤ ቶሎ ለመዳን ሲል በአንድ ቀን ደጋግሞ ራሱን አከመ፤ ተባሰበትም። ተማሪው ጁዝጃኒ እንደመዘገበው አንድ አገልጋይ መድኃኒቱ ላይ ኦፒየም አብዝቶ ጨመረበት። በ1037፣ በረመዳን ወር፣ ሐመዳን ላይ አረፈ።

በ1052 የተገለበጠ የቃኑን 5ኛ መጽሐፍ እዚሁ ኖርዝ ዮርክ፣ ዋይንፎርድ ድራይቭ በሚገኘው የአጋ ኻን ሙዚየም ስብስብ ውስጥ አለ።

ከሕይወቱ የምንማረው ግልጽ ነው። የስኳር ሕመም ነርቭን ከሚጎዱ ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው፤ የተለመደው ማስታገሻም ለነርቭ ሕመም ብዙ ጊዜ አይበቃም። ስለዚህ መጠኑን በራሳችን አንጨምር፤ የጎረቤት ክኒንም አንዋስ። ሕመሙን ሳናፍር ለሐኪም እንግለጽ፤ ለነርቭ ሕመም የተለየ መድኃኒት አለ። ጾም ላይ ከሆንን የመድኃኒቱን ሰዓት አስቀድመን እንማከር።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋ ይስጥልን።