ድንጋይን በድንጋይ የፈተነው ሰው፦ ፍሬድሪሽ ሞህስ

በዚህ መጽሔት ብዙ ጊዜ የምናነሳው የአገራችንን ልጆች ነው። ዘንድሮ ግን ወገል ጤናን ሳያያት ስላለፈ፣ ሥራው ግን ለኦፓል ቆፋሪ ወንድሞቻችን ስለሚጠቅም አንድ ጀርመናዊ ላጫውታችሁ።

ነገሩ የተነሳው ከራሴ ጥፋት ነው። አገር ቤት ሄጄ ስመለስ አጎቴ የሰጡኝን የተወለወለ ኦፓል በጃኬቴ ኪስ እንደያዝኩ ከልጄ ጋር ታኮማ ባሕር ዳርቻ ወረድኩ። ልጄ የለቀመቻቸውን ነጫጭ ጠጠሮች እዚያው ኪስ ጨመርኳቸው። ማታ ሳወጣው የኦፓሉ ፊት ተጫጭሯል። ምክንያቱን ስፈልግ ያገኘሁት ሰው ሞህስ ነው።

ሞህስ እ.ኤ.አ. በ1773 በሃርዝ ተራሮች አካባቢ በምትገኘው ጌርንሮዴ ተወለደ። ሃርዝ ከጥንት ጀምሮ ማዕድን የሚቆፈርበት አገር ነው። በሃለ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ተማረ። ከዚያም ፍራይበርግ የማዕድን አካዳሚ ገብቶ የስመ ጥሩው የአብርሃም ጎትሎብ ቨርነር ደቀ መዝሙር ሆነ። ቨርነር ማዕድንን በቀለሙ፣ በአንጸባራቂነቱ፣ በአሰባበሩ፣ በጥንካሬውና በክብደቱ መለየትን ያስተምር ነበር። ችግሩ፣ ጠንካራ ወይም ለስላሳ የሚለው ቃል እንደ ተናጋሪው መለያየቱ ነበር።

ሞህስ በ1801 የማዕድን ጉድጓድ የሥራ ኃላፊ ሆነ። በዓመቱ ወደ ኦስትሪያ ተሻግሮ የአንድ ባለ ባንክ ባለጸጋን የማዕድን ስብስብ መዝግቦ እንዲለይ ተቀጠረ። በ1812 በግራትስ ከተማ ዮአኔየም በተባለው ተቋም ፕሮፌሰር ሆነ፤ ስሙን ያስጠራውን መለኪያም ያወጣው በዚያው ዓመት ነው።

ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ጠንካራው ለስላሳውን ይጭራል። አሥር ማዕድናትን ከለስላሳው ጀምሮ ደረደራቸው፦ ታልክ፣ ጂፕሰም፣ ካልሳይት፣ ፍሎራይት፣ አፓታይት፣ ኦርቶክሌዝ፣ ኳርትዝ፣ ቶፓዝ፣ ኮረንደም፣ አልማዝ። ቁጥሩ ተራን እንጂ መጠንን አይናገርም። አልማዝ 10፣ ኮረንደም 9 ይባሉ እንጂ በመካከላቸው ያለው ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው።

በ1818 በፍራይበርግ የመምህሩን የቨርነርን ወንበር ወረሰ፤ በ1826 ደግሞ ቪየና ተጠራ። ማዕድናትን እንደ ዕፅዋት በውጫዊ ጠባያቸው ብቻ ለመመደብ ያደረገው ሙከራ ግን አልዘለቀም፤ ኬሚስትሪ በለጠው። በ1839 የእሳተ ገሞራ አገሮችን ለማጥናት ወደ ጣሊያን ሲጓዝ አጎርዶ በተባለች ከተማ በ66 ዓመቱ አረፈ። ትልቁ ሥርዓቱ ተረስቶ አሥሩ ድንጋዮች ቀሩለት።

አሁን ወደ ኪሴ ልመለስ። ኦፓል በሞህስ መለኪያ ከ5.5 እስከ 6.5 ነው፤ የልጄ ጠጠሮች ኳርትዝ ነበሩ፣ 7። የቤት አቧራ ውስጥም ኳርትዝ አለና ኦፓልን በደረቅ ጨርቅ አትፈትጉ። የወሎ ኦፓል ውኃ ስለሚመጥም አትዘፍዝፉት። መስታወት ወደ 5.5 ስለሚጠጋ ኦፓልን ከመስታወት ለመለየት መጫር ብቻውን አይበቃም። እዚህ ላይ ክብደት ይረዳል፤ ኦፓል የውኃን 2 እጥፍ ያህል ሲመዝን ተራ መስታወት 2.5 እጥፍ ይሆናል። የተወለወለ ዕንቁ ግን በፍጹም ለሙከራ አይጫርም።

የደላንታ ኦፓል በዓለም ገበያ መታወቅ ከጀመረ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ነው። ልጆቻችን ገደል ወርደው፣ ነፍሳቸውን ሸጠው ያወጡትን ድንጋይ ብዙ ጊዜ ዋጋውን የሚነግራቸው ገዢው ነው። ድንጋዩን የሚያውቅ ሻጭ ግን በቀላሉ አይታለልም። ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ለወገል ጤና ተማሪዎች የሞህስን ድንጋዮችና አንድ ትንሽ ሚዛን እንላክ። አልማዙ ቢቀር ዘጠኙ ይበቃሉ። የመጀመሪያውን መዋጮ እኔ አወጣለሁ፤ የተጫረው ኦፓሌም ለማስተማሪያ አብሮ ይሄዳል።