ደጋኑን ያስቀመጠው፣ ሸክላው ግን ያልዘጋው ፓብሎ ካሳልስ

ፓብሎ ካሳልስ በስፔን ካታሎኒያ፣ ኤል ቬንድሬል በተባለች ትንሽ ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 29 ቀን 1876 ተወለደ። አባቱ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ነበር። ተጓዥ ሙዚቀኞች በከተማዋ ሲያልፉ መሣሪያቸው የልጁን ልብ ስለማረከው፣ አባቱ ከደረቀ ቅል ባለ አንድ ክር መሣሪያ አሠርቶ ሰጠው። ማሲንቆ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ከቅሉ ተነሥቶ ወደ ቼሎ ተሻገረ፤ ቼሎ በጉልበቶች መካከል ተይዞ በደጋን የሚመታ ባለ አራት ክር ትልቅ መሣሪያ ነው።

በ1890 የ13 ዓመቱ ካሳልስ ከአባቱ ጋር በባርሴሎና ወደብ አቅራቢያ ወደሚገኝ ሱቅ ገብቶ የቆዩ የሙዚቃ ጽሑፎችን ሲያገላብጥ፣ ጀርመናዊው ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ በ1720 ገደማ ለአንድ ቼሎ ብቻ የደረሳቸውን ስድስት ሥራዎች አገኘ። በዘመኑ አብዛኞቹ ሙዚቀኞች እነዚህን ሥራዎች ለጣት ማፍታቻ ልምምድ እንጂ ለአድማጭ የሚቀርቡ አድርገው አያዩአቸውም ነበር። ካሳልስ ግን 12 ዓመት ያህል በየዕለቱ አጠናቸው፤ ከዚያ በኋላ ነው በሕዝብ ፊት ሙሉ አድርጎ የተጫወታቸው።

ሥራዎቹን በሸክላ ለማስቀረጽ የተነሣው ዕድሜው 60 ሊሞላ ሲል ነው። ቀረጻው በኖቬምበር 1936 በለንደን ተጀመረ፤ በ1938 እና በ1939 በፓሪስ ተጠናቀቀ። አገሩ በእነዚያ ዓመታት በእርስ በእርስ ጦርነት ትነድ ነበር። የዘመኑ ሸክላ በአንድ ገጹ ከአራት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ የተሳተ ድምፅ ቆርጦ ማውጣትም አይቻልም ነበር። ጣት አንዴ ከተንሸራተተ ያለው ምርጫ ስሕተቱን መቀበል ወይም ገጹን በሙሉ እንደ ገና መጫወት ነው።

በ1939 የጄኔራል ፍራንኮ ጦር ድል ሲያደርግ፣ ካሳልስ ድንበር ተሻግሮ ፕራድ በተባለች የፈረንሳይ ከተማ በስደት ተቀመጠ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ ድል አድራጊዎቹ መንግሥታት ፍራንኮን በሥልጣኑ ላይ መተዋቸውን ሲያይ፣ አቅም ያለውን አንድ ነገር አደረገ፤ ደጋኑን አስቀመጠ። ገንዘቡንም ክብሩንም ትቶ የመድረክ ግብዣዎችን መለሰ። ዝምታው ለአንድ ሙዚቀኛ ከባድ ዋጋ ነበረው፤ ሆኖም እርሱ መድረክ በተወባቸው ዓመታት ሸክላዎቹ በየቤቱ መሰማታቸውን ቀጠሉ።

ባኽ ያረፈበት 200ኛ ዓመት በ1950 ሲታሰብ፣ ካሳልስ ወደ ዓለም መድረክ አልወጣም ስላለ ሙዚቀኞች ራሳቸው ወደ ፕራድ መጡ። ኋላ ላይ በ1958 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አዳራሽ፣ በ1961 ደግሞ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ፊት ተጫወተ። የመጨረሻ ዘመኑን በእናቱ የትውልድ ምድር በፖርቶ ሪኮ አሳልፎ፣ ኦክቶበር 22 ቀን 1973 በ96 ዓመቱ ዐረፈ። ፍራንኮ የሞተው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የካሳልስ አጽም በ1979 ወደ ኤል ቬንድሬል ተመለሰ።

እነዚያ ሸክላዎች ከዚያ ወዲህ በተለያየ መልክ ደጋግመው ታትመዋል። አዲስ እትም በወጣ ቁጥር የሙዚቃ ሐያስያን የሚመዝኑት የጽዳቱን ልክ ነው። የመርፌው ጩኸት እጅግ ከተጣራ የቼሎው ጥራዝም አብሮ ይሄዳል፤ ጣቶቹ ክሩን ሲመቱ የሚሰማው ኮሽታም ይጠፋል። ሸክላው ሲገለበጥ ፍጥነቱ ከተዛባ ደግሞ ቅኝቱ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። እንክርዳዱን ሲነቅል ስንዴውን እንዳይጎዳ የሚጠነቀቅ ገበሬ ይህን ጭንቀት ያውቀዋል። ከካሳልስ በኋላ የተነሡ ቼሎ ተጫዋቾች ሥራዎቹን በጠራ ድምፅ ቀርጸዋል፤ መንገዱን የከፈተው ግን በቅል የጀመረው የኤል ቬንድሬሉ ልጅ ነው።