አንድ ተውኔት፣ አንድ ክልከላ፦ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምና የኢትዮጵያ መድረክ አጀማመር

መግቢያ

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር ታሪክ የሚጀምረው በአንድ ተውኔትና በአንድ ክልከላ ነው። ተውኔቱ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ይባላል፤ ደራሲውም በኋላ በጅሮንድ የተባሉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ክልከላው የመጣው ከቤተ መንግሥት ነው። እኚህን ሰው የቴአትር ተመራማሪዎች ብዙውን ጊዜ በቀዳሚነታቸው ብቻ ያነሷቸዋል። የታሪክ ተመራማሪዎች ደግሞ ሕገ መንግሥት አርቃቂና ዲፕሎማት አድርገው ይተርኳቸውና ቴአትሩን በሕይወታቸው ዳር የቀረ ጨዋታ ያደርጉታል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን ገጽታ አገናኝቶ ማየት ነው። ከዚህም ጋር፣ በሀገራችን ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የኖረ የአውሬ ተረት መድረክ ላይ ሲወጣ ስለ ምን አደገኛ ሆኖ እንደ ተገኘ ይጠይቃል።

ከሐረር እስከ ጴጥሮስ ከተማ

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኰንን ቤት አደጉ። የራስ መኰንን ጦር በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ሲዘምት እርሳቸውም የ12 ዓመት ልጅ ሆነው አብረው ነበሩ። ከድሉ በኋላ ኒቆላይ ሌዎንትየፍ የተባለው ሩሲያዊ ወደ ሀገሩ ወሰዳቸው። ሩሲያ ውስጥ በመኳንንት ቤተሰብ እጅ አድገው፣ ቋንቋውን እንደ አፍ መፍቻቸው ለምደው፣ በሴንት ፒተርስበርግ በሚኻይሎቭ የመድፈኞች ትምህርት ቤት ተማሩ። ከሀገራቸው ርቀው የቆዩበት ዘመን ከአሥር ዓመት በላይ ነው።

የዚያ ዘመን የሩሲያ ትምህርት ለቴአትር ታሪካችን ሁለት ነገር አበርክቷል። አንደኛው ተረት ነው። በሩሲያ ትምህርት ቤት ያለፈ ልጅ ሁሉ የኢቫን ክሪሎቭን የአውሬ ተረቶች ሳያውቅ አይወጣም፤ ክሪሎቭም አንዳንዶቹን የቀዳው በ17ኛው ምእት ዓመት ከነበረው ከፈረንሳዊው ዣን ደ ላ ፎንቴን ነው። ሁለተኛው መድረኩ ራሱ ነው። ለሩሲያ ከተሜ ቴአትር ቤት መግባት የትምህርትና የጨዋነት ምልክት ነበር። ሰው ከፍሎ ገብቶ፣ በጨለማ ተቀምጦ፣ ሌሎች ሰዎች የማያውቃቸውን ሰዎች ሆነው ሲነጋገሩ ይመለከታል። ይህ ልማድ በወቅቱ በኢትዮጵያ አልነበረም።

የአዝማሪውና የተዋናዩ ልዩነት

ልማዱ አልነበረም ማለት ግን ትርኢት አልነበረም ማለት አይደለም። በጎንደርና በሰሜኑ ደጋ የሚያድግ ሰው ይህን ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገውም። የደብተራው ዝማሜና ሽብሻቦ፣ የጥምቀት በዓል ሰልፍ፣ የፉከራና የቀረርቶ አደባባይ፣ የአልቃሽ ሙሾ፣ የአዝማሪ ግጥም፤ ሁሉም አድራጊና ተመልካች ያላቸው፣ ቦታና ሥርዓት የተወሰነላቸው ትርኢቶች ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ ለተዋናይ የሚቀርበው አዝማሪ ነው። አዝማሪ በመኳንንቱ ግብር ላይ ገብቶ፣ ሌላው ሊናገረው የማይደፍረውን በሰምና ወርቅ ጠቅልሎ ይናገራል። ሆኖም የሚናገረው በራሱ ስም፣ ለሚያበላው ጌታ፣ በጌታው ቤት ነው። ጌታው ሲደሰት ይሸልመዋል፤ ሲቆጣ ያባርረዋል። ነገሩ በሁለቱ መካከል ያልቃል።

ስለ ተውኔቱ አጀማመር የሚተረከው ታሪክ ከዚህ ልዩነት ይነሣል። ተክለ ሐዋርያት ከውጭ ሀገር ከተመለሱ በኋላ በአዲስ አበባ ቴአትር ተብሎ በቀረበ ዝግጅት ላይ ይገኛሉ። የቀረበው ግን ዘፈንና ጭፈራ ነበር። ቴአትር የሚባለው ሰዎች ሌላ ሰው ሆነው በንግግርና በድርጊት አንድ ታሪክ የሚያሳዩበት ጥበብ መሆኑን ለባልንጀሮቻቸው ቢያስረዱ፣ እንግዲያው ጽፈው እንዲያሳዩ ተጠየቁ። «ፋቡላ» የተወለደው እንዲህ ነው። ተውኔቱ ከላ ፎንቴን ተረቶች ተወስዶ በአማርኛ የተዋቀረ ሲሆን፣ በቴራስ ሆቴል መኳንንትና የውጭ ሀገር እንግዶች በተገኙበት ታየ። በአብዛኞቹ የቴአትር ታሪክ ጽሑፎች ዘመኑ 1913 ዓ.ም. ተብሎ ይጠቀሳል። ቴአትር ቤት ስላልነበረ የሆቴል አዳራሽ መድረክ ሆነ፤ ተዋናይ የሚባል ሙያም ስላልነበረ መድረኩን የረገጡት ሰዎች ሙያውን እየፈጠሩ የሚጫወቱ ነበሩ።

ተረቱ ስለ ምን አስቆጣ?

ተውኔቱ በአውሬዎች አንደበት የአስተዳደሩን ብልሹነት፣ ጉቦኝነትንና ኋላ ቀርነትን ይተች ነበር። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ተውኔቱን አገዱ፤ የታተመውም ቅጂ እንዲሰበሰብ ተደረገ። በዚያው የቴአትር እንቅስቃሴ ለዓመታት ተቋረጠ።

ለዚህ ክልከላ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ ተውኔቱ መንግሥትን ስለ ተቸ ነው የሚል ነው። ማብራሪያው እውነት ነው፤ ግን አይበቃም። የአውሬ ተረት ሹማምንትን መተቸት በሀገራችን አዲስ አልነበረም። አንበሳ፣ ነብርና ጅብ ኃጢአታቸውን እየተናዘዙ እርስ በርሳቸው ይቅር ሲባባሉ፣ ሣር በመጋጧ የተናዘዘችው አህያ ብቻ የተበላችበት ተረት በኢትዮጵያ ገጠር ይነገራል። ላ ፎንቴንም ተመሳሳዩን ታሪክ በወረርሽኝ ስለ ተመቱ አውሬዎች በጻፈው ተረት ውስጥ አስፍሮታል። ገበሬው ይህን ተረት ለልጁ ሲነግር ጅቡ ማን እንደ ሆነ ስም መጥራት አያስፈልገውም። መኳንንቱም ተረቱን ያውቁታል፤ በተረቱም አልተቆጡም።

ልዩነቱን የፈጠረው የአቀራረቡ ሁኔታ ነው፤ ይህም በሦስት መንገድ ይታያል። አንደኛ፣ በእሳት ዳር የሚነገረው ተረት ሰሚው በየራሱ የሚፈታው ነው፤ በመድረክ የሚታየው ግን አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ ይፈታዋል። አጠገብ ያለው ሰው የሳቀበት ቦታ ምን እንደ ገባው ይመሰክርበታል። የተተቸው ሹም ራሱ በተመልካች መካከል ከተቀመጠ ደግሞ ቢስቅም ባይስቅም ሌላው ያየዋል። ሁለተኛ፣ አዝማሪው ከሰደበ ስድቡ የአዝማሪ ነው፤ ተዋናዩ ግን የሚናገረው የራሱን ቃል ስላልሆነ ቍጣው ተሻግሮ ደራሲውን ይፈልጋል። ደራሲውም ለጌታ የሚያዜም ሎሌ ሳይሆን የተማረ የመንግሥት ሰው ነበር። ሦስተኛ፣ በአዳራሹ ባዕዳን ነበሩ። በቤት ውስጥ የሚታለፍ ገመና በእንግዳ ፊት ሲገለጥ ውርደት ይሆናል። ተረቱን አደገኛ ያደረጉት እነዚህ ሦስቱ፣ ማለትም የጋራ ሳቅ፣ የደራሲው ማንነትና የውጭ ተመልካች መኖር ናቸው።

ከመድረኩ በኋላ

ተክለ ሐዋርያት ከዚህ በኋላ ወደ መድረክ ጽሑፍ አልተመለሱም፤ ጥያቄያቸው ግን አልተለወጠም። የጨርጨር ገዥ ሆነው፣ አሰበ ተፈሪን ማእከሉ ያደረገ በደንብና በመዝገብ የሚመራ አስተዳደር ለመመሥረት ሞከሩ። የገንዘብ ሚኒስትር ሆነው በጅሮንድ ተባሉ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን፣ 55 አንቀጾች ያሉትን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት በ1889 እ.ኤ.አ. ከወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት አርአያ ወስደው ያረቀቁት እርሳቸው ናቸው። በተውኔቱ የአስተዳደሩን ጥፋት ለማሳየት የሞከሩት ሰው፣ በሕጉ አስተዳደሩን ሥርዓት ለማስያዝ ሞከሩ። የጸደቀው ሰነድ ግን የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን ከመገደብ ይልቅ አጸና።

በ1927 ዓ.ም. ከወልወል ግጭት በኋላ ኢጣሊያ ለወረራ ስትዘጋጅ ተክለ ሐዋርያት በዤኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የኢትዮጵያ ወኪል ሆነው ቆሙ። አደባባዩ ከቴራስ ሆቴል አዳራሽ እጅግ የሰፋ ነበር። ክርክሩ ተሰማ፤ ወረራው ግን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ተጀመረ። ሽንፈቱ በተቃረበ ጊዜ ከሀገር ወጥተው ስደተኛ ሆኑ፤ ከነፃነት በኋላም ለዓመታት በማዳጋስካር ቆዩ። ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በሂርና በእርሻ ሥራ ኖሩ፤ በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ። የሕይወት ታሪካቸውን ራሳቸው ጽፈውት ነበር፤ መጽሐፉ የታተመው ግን ከሞቱ 30 ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ፣ በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ነው። ተውኔታቸው በሕይወት ሳሉ ተሰበሰበ፤ ትረካቸው ከሞቱ በኋላ ታተመ።

መድረኩ ግን በሌላ በር ተመለሰ። የቅኔ ሊቁ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ተማሪዎችን እያሠለጠኑ ቴአትርን በትምህርት ቤቶች አስነሡት። በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ሲመሠረት መድረኩ ሕዝብን ለጦርነት የሚቀሰቅስ ሆነ፤ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ቤት ተከፈተ። በዚህ ጉዞ ውስጥ የምክርና የሀገር ፍቅር ተውኔት ረጅም ዕድሜ አገኘ። በሹም ላይ የሚያስቀው ኮሜዲ ግን ሥር ለመስደድ ብዙ ዘመን ወሰደበት። ለዚህ ብቸኛው ምክንያት የ«ፋቡላ» ክልከላ ነው ማለት አይቻልም፤ የመጀመሪያው እርምጃ የደረሰበትን ያየ ተከታይ ግን መንገዱን መርጦ መሄዱ አያስደንቅም።

የተክለ ሐዋርያት ልጅ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት አባታቸው የተዉትን የመድረክ ጽሑፍ ቀጠሉ። የመረጡትም ታሪክ የዚህ አካባቢ ታሪክ ነው፤ «ቴዎድሮስ» የተባለው ተውኔታቸው በቋራ የተወለዱትን ንጉሠ ነገሥት ባለታሪክ ያደረገ ነው። አባት ሹማምንትን አውሬ አድርገው አሳዩ፤ ልጅ ያለፈን ንጉሥ ሰው አድርገው አሳዩ። የሞተ ንጉሥ ላይ የሚጻፍ ታሪካዊ ድራማ፣ በሕይወት ባሉ ሹማምንት ላይ የሚያስቅ ኮሜዲ ሊያገኝ ያልቻለውን ቦታ አገኘ።

ማጠቃለያ

ተክለ ሐዋርያት የመጀመሪያውን ተውኔት በመጻፋቸው ብቻ መታወሳቸው ለሥራቸው አይመጥንም። ያመጡት ነገር አንድ ጽሑፍ ብቻ አልነበረም፤ ሰዎች በጋራ ተቀምጠው ስለ ራሳቸው የሚያዩበትን ቦታ ጭምር ነው። ቤተ መንግሥቱ የዚህን ቦታ ኃይል ከማንም ቀድሞ ተረድቶታል፤ ክልከላው የመረዳቱ ምስክር ነው። ስለዚህ «ፋቡላ» ሊጠና የሚገባው በጽሑፍነቱ ብቻ ሳይሆን በትርኢትነቱም ነው፤ ማን ታየ፣ ማን ተመለከተ፣ ማን የት ላይ ሳቀ የሚሉት ጥያቄዎች ከቃላቱ እኩል ይመዝናሉ።

ጥያቄው ወደ ራሳችን አካባቢም ይመለሳል። በአይከልና በጭልጋ ዙሪያ በቃል የሚነገሩት የአውሬ ተረቶች እስካሁን በአብዛኛው የሚሰበሰቡት እንደ ጽሑፍ ነው፤ ተረቱ ይጻፋል፣ ነጋሪው ይረሳል። ማን፣ ለማን፣ በማን ፊት እንደ ነገራቸው፣ ማን ሲመጣም ነጋሪው ተረቱን እንደ ቀየረ ወይም እንዳቋረጠ አብሮ ቢመዘገብ፣ በቴራስ ሆቴል የሆነውን ነገር ለመረዳት የሚያግዝ ማስረጃ ከመንደራችን ይገኛል።